የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ አመራረጥ በቆላማ አካባቢ፤ ከከሚሴ የተገኘ ልምድ

(ለማኅበራችን አባላት በንግግር የቀረበና ለዚህ መጽሔት የተዘጋጀ)




ዛሬ በፊታችሁ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጠኑ አነስተኛ፣ በአንዳንዶቻችሁም ግምት ለስብሰባ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ አይደለም፤ ስለ ከተማ ፕላንም አይደለም። ከጠረጴዛችን በታች ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በሚያጉረመርመው ሣጥን ውስጥ ሙቀትን እንዲያስወግድ ስለሚታሠር አንድ የብረት ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ድልድዩም ግድቡም ፕላኑም ዛሬ የሚነደፉት በዚያው ሣጥን ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሣጥኑ ሥራውን ሲያቆም የእኛም ሥራ አብሮ ይቆማል።

ርእሱን የተቀበልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ ኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ የሚጻፈው ምክር በአብዛኛው የተለካው 20 ወይም 22 ዲግሪ ሙቀት ባለው፣ አቧራ በሌለበትና ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ባላለ ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በዚሁ ጉዳይ እኔ ራሴ መሳሳቴ ነው። የባለሙያ ስሕተት በጓዳ ከተደበቀ ሌላው ባልደረባ እንደገና ይሳሳተዋል። በስብሰባ ላይ ከተነገረ ግን ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በከሚሴ የደረሰው

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ ከአጠገቧ ተዘርግቷል፤ በበጋ ወራት ከሩቅ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከሚሴ ሲደርስ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ ወደ ከተማይቱ ደርሶ ስለ ነበር፣ በዚያ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ከነበሩት ኮምፒዩተሮች የተረፉለት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለካርታና ለንድፍ ሥራ የሚሆን አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር እንድመርጥና አዲስ አበባ ላይ እንድገጣጥም ተጠየቅሁ። ሥራው በጨፋ ሜዳ ለታሰበ አነስተኛ መስኖ የተሰበሰበውን የቅየሳ ውጤት ወደ ካርታ መለወጥ ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ ነበረበት። ገንዘቡም እስከ ሰኔ 30 ካልወጣ ተመላሽ የሚሆን ነው።

ፕሮሰሰሩን ኢንቴል ኮር አይ7 12700 አደረግሁት። ይህ ዕቃ በስሙ የ65 ዋት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 180 ዋት እንደሚወስድ አምራቹ ራሱ ያመለክታል። እኔም ይህን ስላወቅሁ፣ የከሚሴንም ሙቀት ስለማውቅ፣ «ከሁሉ የከበደው ከሁሉ ይሻላል» ብዬ ሁለት ማማ፣ ሁለት ማራገቢያና ስድስት የመዳብ ቧንቧዎች ያሉት፣ ክብደቱ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ የሆነ የአየር ማቀዝቀዣ መረጥሁ። የኬዙ መክደኛ አልገጥም አለኝ፤ ማቀዝቀዣው በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። «ተከፍቶ ቢሠራ እንዲያውም ይቀዘቅዛል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማስጠንቀቂያ ሊሆነኝ የሚገባውን ነገር እንደ ጥቅም ቆጠርሁት ማለት ነው።

አዲስ አበባ በጠረጴዛዬ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ፈተንሁት። ክፍሉ 20 ዲግሪ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ከ78 ዲግሪ አላለፈም። ረክቼ በካርቶን አሸግሁና በአውቶቡስ ላክሁት። ካርቶኑ ቆሞ ተጫነ።

በማግሥቱ ከከሚሴ ስልክ ተደወለ፤ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ብሏል። በሦስተኛው ቀን ራሴ ወርጄ ስከፍተው ማቀዝቀዣው ከአንድ ጎኑ ተነቅሎ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ተኝቷል። ማሠሪያው ተሰብሯል፣ ማዘርቦርዱ በሶኬቱ ዙሪያ ጎብጧል፣ የካርዱ መሰኪያም ተሰንጥቋል። በዕድሜ የገፉት የንብረት ክፍል ኀላፊ በትከሻዬ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ስለ ኮምፒዩተር አላውቅም። ባቲ ገበያ ግን ግመል ሲጫን ስንት ዘመን አይቻለሁ። ግመል በአንድ ጎን አይጫንም።»

መልስ አልነበረኝም። የተሰበረውን ከኪሴ ለመተካት ተስማማሁ፤ የጠፋውን ጊዜ ግን ልተካው አልቻልሁም። የካርታው ባለሙያዎች በአሮጌ ኮምፒዩተር ሲታገሉ ሰነበቱ፤ ሥራው ሲያልቅ ዝናቡ ቀድሟቸው ነበር።

ማቀዝቀዣው ለምን ከበደ?

ስሕተቴን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት፤ ማቀዝቀዣም አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተርም ፕሮሰሰሩ ባዶውን ነበር የሚሠራው። ፔንቲየም የተባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ከመጣ ወዲህ ግን ከላዩ ብረትና ማራገቢያ መጫኑ የተለመደ ሆነ። ከ10 ዓመት ያህል በኋላ አንዳንድ የፔንቲየም 4 ዓይነቶች 115 ዋት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ9 13900ኬ ደግሞ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ይህም እጅግ አነስተኛ ከሆነ ቦታ ላይ የሁለት የጠረጴዛ አምፖል ሳይሆን የበርካታ አምፖል ሙቀት እንደ ማውጣት ነው።

ሙቀቱ ሲጨምር ብረቱም ከበደ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለወጣው፣ 775 የመገናኛ ነጥቦች ላሉት ሶኬት፣ ኢንቴል በመመሪያው ያስቀመጠው የማቀዝቀዣ ክብደት ወሰን 450 ግራም ነበር። የኦስትሪያው ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ግን ከነሁለት ማራገቢያው 1,320 ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱም 165 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ተተኪው ደግሞ 1,525 ግራም ደርሷል። እነዚህ ዕቃዎች በሚገባ የተሠሩ ናቸው፤ የሚታሠሩትም ከማዘርቦርዱ ጀርባ በሚቀመጥ ብረት በመሆኑ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ ኮምፒዩተር አያሠጉም። ጥያቄው ዕቃው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚል አይደለም፤ ለየትኛው ቦታና ለየትኛው ሥራ ይሆናል የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግምት ማንሣት እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችን ብረቱ በከበደ ቁጥር ይበልጥ ያቀዘቅዛል ብለን እናስባለን። ክብደት በራሱ አያቀዘቅዝም። ከባድ ብረት ሙቀትን ለጥቂት ደቂቃ ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የዋጠውን ወደ አየር ካላስተላለፈ እንደ ማንኛውም ብረት ይግላል። የሚያቀዘቅዘው የስስ አሉሚኒየም ቅጠሎቹ የገጽ ስፋትና በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ነው።

ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ቅጠሎቹ የሚያደርሱት የመዳብ ቧንቧዎች ናቸው። አሠራራቸውን ለመረዳት ከወጥ ድስት ክዳን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ውሃው ከታች ይተናል፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ሙቀቱን ይሰጥና ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም ወደ ታች ይመለሳል። በመዳብ ቧንቧው ውስጥም ጥቂት ውሃ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ገደማ እንደሚፈላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባቄላ የሚያበስሉ እናቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከቧንቧው ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ስለ ወጣ ውሃው ከዚያም በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ይተናል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆርጅ ግሮቨር የተባለው ተመራማሪ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ይህን ዘዴ ካዳበረ በኋላ፣ በሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ውስጥ ሲሠራበት ቆይቶ በመጨረሻ ከጠረጴዛችን ሥር ደረሰ።

እንግዲህ የአየር ማቀዝቀዣ ሥራው ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ ስሌታችን የሚጀምረው ከ35 ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ስሌት

የትኛው ማቀዝቀዣ እንደሚበቃ ለማወቅ አራት ነገሮችን ማወቅ ይበቃል። ፕሮሰሰሩ እንዲደርስ የምንፈቅደው ከፍተኛ መጠነ ሙቀት፣ የክፍሉ የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት፣ በኬዙ ውስጥ የሚጨመረው ሙቀትና ፕሮሰሰሩ በተግባር የሚወስደው ኀይል ናቸው።

ለከሚሴ እንዲህ አሰላሁ። ይህ የኢንቴል ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመጠባበቂያ ወሰኑን 85 ላይ አደረግሁት። ክፍሉን 35 ዲግሪ፣ የኬዙን ጭማሪ 5 ዲግሪ ብንል ለማቀዝቀዣው የሚቀረው 45 ዲግሪ ነው። ይህን ለ180 ዋት ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ዋት 0.25 ዲግሪ ብቻ ይደርሰዋል።

ነገር ግን በዚህ አያበቃም፤ የቦታ ከፍታ አለ። የማቀዝቀዣ አምራቾች ቁጥራቸውን የሚያወጡት በአብዛኛው በባሕር ጠለል አካባቢ ለክተው ነው። በከሚሴ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 84 ከመቶ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 75 ከመቶ ያህል ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት ይቀንሳል፤ ሙቀት የመሸከም ችሎታውም አብሮ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ማቀዝቀዣው ከአየሩ በላይ የሚያሳየው ሙቀት በከሚሴ በ15 ከመቶ ያህል፣ በአዲስ አበባ በ25 ከመቶ ያህል ከፍ እንደሚል መገመት ይቻላል። ስለዚህ ከላይ ያገኘነውን 0.25 ለ1.15 ስናካፍል በካታሎግ ላይ የምንፈልገው ቁጥር ከ0.22 የማይበልጥ ይሆናል። ይህን የሚያሟሉት ከባዶቹ ማቀዝቀዣዎች ብቻ ናቸው። ወሰኑን ወደ 253 ዋት ብናወጣው ደግሞ የሚፈለገው 0.15 ገደማ ስለሚሆን ከአየር ማቀዝቀዣ አንድም የሚበቃ አይገኝም ማለት ይቻላል።

እኔ እዚህ ስደርስ ነበር ከባዱን የገዛሁት። የተሻለው ጥያቄ ግን «180 ዋቱ የግድ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ነበር።

የፕሮሰሰር ኀይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከቮልቴጁ ካሬ ጋርም ነው። የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁ ከፍ ማለት ስላለበት፣ ለዚያች ትንሽ ፍጥነት የሚከፈለው ዋት እጅግ ብዙ ነው። በተቃራኒው የኀይል ወሰኑን ዝቅ ስናደርግ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ኀይሉ በግማሽ ቢቀነስ ሥራው በግማሽ አይቀነስም። ወሰኑን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ምንም ዕቃ አያስገዛም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው።

ወሰኑን 125 ዋት ስናደርገው 45 ለ125 ሲካፈል 0.36፣ ለከፍታው ተስተካክሎም 0.31 ይሆናል። ይህን አንድ ማማና አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ያለው መካከለኛ ማቀዝቀዣ ይሠራዋል። ለምሳሌ የኖክቱዋው ኤንኤች-ዩ12ኤስ ከነማራገቢያው 755 ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱም 158 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በብዙ ኬዞች ውስጥ መክደኛው ይዘጋል።

በሁለተኛው ጉዞዬ በዚሁ መጠን ያለ ዕቃ ገጠምሁ። አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 74 ዲግሪ ያሳየው ኮምፒዩተር፣ ከሚሴ በ32 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በሙሉ ሥራ ላይ 82 ዲግሪ አሳየ። ክፍሉ በ12 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩ የሞቀው በ8 ብቻ ነው፤ ልዩነቱን የመለሰልን የከሚሴ አየር ከአዲስ አበባው ወፈር ማለቱ ነው። ካርታ የሚሠሩት ባለሙያዎች በፍጥነት በኩል ቅሬታ አላቀረቡም።

ክብደቱና መንገዱ

አሁን ወደ ግመሉ ልመለስ። በቆመ ኬዝ ውስጥ ማዘርቦርዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማቀዝቀዣውም ከግድግዳ ላይ እንደ ወጣ መደርደሪያ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። 1,320 ግራም የሚመዝን ማቀዝቀዣ የክብደቱ ማዕከል ከሰሌዳው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ፣ በማሠሪያው ላይ 1 ኒውተን ሜትር ያህል የመጎተት ጫና ያሳርፋል። 755 ግራም የሚመዝነውና 7 ሳንቲ ሜትር የሚርቀው ግን የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ያሳርፋል። ይህ ኮምፒዩተሩ ቆሞ ሳለ ነው። መኪናው አንድ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ጫናው በሁለትና በሦስት ይባዛል። እንግዲህ እስከ ከሚሴ አስፋልት ነው ብንል፣ ከዚያ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚሄደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ኖክቱዋ በመመሪያው ላይ ከ700 ግራም በላይ የሆነ ማቀዝቀዣ ኮምፒዩተሩ ከመጓጓዙ በፊት እንዲፈታ ያስጠነቅቃል። እኔ ይህን ዓይነቱን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የነበረብኝ ከመጫኑ በፊት ነበር። ዛሬ የምከተለው ልማድ ቀላል ነው። ማቀዝቀዣው ተፈትቶ በራሱ ካርቶን ይጓዛል፤ ከቦታው ሲደርስ በካቻቪቴ ይታሠራል። ቴክኒሺያኖች ፔስት የምንለው ቅባት ከአሮጌው ተጠርጎ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ ይደረግበታል። ማቀዝቀዣውን ለመፍታት የማይቻልበት አጋጣሚ ካለ፣ ኬዙ በጎኑ ይተኛል፤ ማዘርቦርዱ ከታች፣ ማቀዝቀዣው ከላይ ሆኖ ክብደቱ ቁልቁል ብቻ እንዲጫን ይደረጋል። ግራፊክስ ካርዱም ይነቀላል።

በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣስ ብላችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። በሰሌዳው ላይ የሚያርፈው ክብደት አነስተኛ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ብልጫ አለው፤ ከፍተኛ ዋትም ይሸከማል። ነገር ግን ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ሲቆም ኮምፒዩተሩም ይቆማል፣ ምትኩም በከሚሴ ሱቆች አይገኝም። የአየር ማቀዝቀዣ ግን የሚንቀሳቀስ አካሉ ማራገቢያው፣ ሁላችንም እንደምንለው ፋኑ፣ ብቻ ነው። እርሱ ቢበላሽ ከሌላ ኮምፒዩተር ተነቅሎ የመጣ 120 ሚሊ ሜትር ፋን በቦታው ይገባል። የመንገድ መዘጋትን ላየ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አቧራና ጥልፍ ጨርቅ

ሁለተኛው ኮምፒዩተር በደኅና እየሠራ ሳለ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ተጠራሁ። «ሰነፈ» አሉኝ። ፕሮሰሰር ሲሞቅ አይቃጠልም፤ ይሰንፋል። ሠራተኛውም ሙቀቱን ሳይሆን ስንፍናውን ነው የሚያየው።

ወርጄ ስመለከት ሁለት ነገሮች አገኘሁ። የመጀመሪያው በኬዙ ላይ የተደረገ፣ ዳር ዳሩ በጥሩ እጅ የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ነበር። ከክፍሉ ሠራተኞች አንዷ ለአዲሱ ዕቃ ክብር ብላ ከቤቷ ያመጣችው ነው። በአገራችን ቴሌቪዥንም ሬዲዮም እንዲሁ ይከበራሉ፤ ሐሳቡም አቧራን ለመከላከል ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጨርቁ የሙቅ አየር መውጫውን ከላይና ከኋላ ዘግቶት ነበር። ማታ ሲጠፋ እንዲለበስ፣ ጠዋት ሲነሣ እንዲገፈፍ ተስማማን፤ ጨርቁም ክብሩ አልተነካም።

ሁለተኛው ራሱ አቧራው ነው። በማራገቢያውና በቅጠሎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ግራጫ ነገር ተጋግሮ አየሩ የሚያልፍበት ክፍተት ጠፍቷል። በዚህ ረገድ ባለ አንድ ማማው ማቀዝቀዣ ሌላ ብልጫ አሳየኝ። ማራገቢያው በሁለት የሽቦ መቆንጠጫዎች ብቻ የተያዘ ስለ ሆነ ያለ ካቻቪቴ ይነሣል፤ ቅጠሎቹን በቀለም ብሩሽ ለመጥረግ አምስት ደቂቃ በቃ። በባለ ሁለት ማማው ግን መካከለኛው ማራገቢያ በሁለቱ መካከል ተቀብሮ ስለሚቀመጥ፣ ያልለመደ ሠራተኛ ሊያወጣው አይደፍርም። ማንም የማይደፍረው ጽዳት ደግሞ አይጸዳም። አሠራሩን ለዚያችው ጨርቁን ላመጣች ሠራተኛ አሳየኋት፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ የምታጸዳው እርሷ ናት። እኔ ለዚሁ ጉዳይ እንደገና አልተጠራሁም።

የመጀመሪያውን ኬዝ መክደኛ ክፍት ትቼው ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ከዚህ መገመት አያዳግትም። ክፍት ኬዝ ለአንድ ሳምንት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ የአቧራ ጎተራ ይሆናል። መክደኛው የሚዘጋ፣ ከፊቱ የአየር ማስገቢያ ወንፊት ያለው ኬዝ መምረጥ ማቀዝቀዣውን የመምረጥ ያህል ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት የኬዙን ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር መለካት፣ ማቀዝቀዣው በሚሞሪው ላይ የሚያጠላ መሆን አለመሆኑንም ማየት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ሁሉ የተማርሁት፣ ከባድ ማቀዝቀዣ ክፉ ነው የሚል አይደለም። ቪዲዮ ሲያቀናብር ወይም ረጅም ስሌት ሲያሰላ ለሚያድር፣ ከተቀመጠበት ለማይነቃነቅና በሠለጠነ እጅ ለሚጠበቅ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ማማ ያለው ከባድ ማቀዝቀዣ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ሰፋፊ ማራገቢያዎቹ በዝግታ ስለሚዞሩ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ለከሚሴ፣ ለባቲ፣ ለሰንበቴና ለመሳሰሉት ሞቃት ከተሞች ለምንልካቸው የቢሮ ኮምፒዩተሮች ግን የምርጫው ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ሥራው በእርግጥ የሚፈልገውን ኀይል ማወቅና ወሰኑን በዚያው ልክ ማድረግ። ቀጥሎ በአዲስ አበባ ክፍል ሳይሆን ዕቃው በሚሠራበት ክፍል የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት ማስላት። ከዚያም ስሌቱን ከሚያሟሉት ማቀዝቀዣዎች መካከል ቀላሉን፣ መክደኛው የሚዘጋበትንና በቦታው ያለ ሰው ሊያጸዳው የሚችለውን መምረጥ። በመጨረሻም ዕቃውን ፈትቶ ማጓጓዝና ከቦታው ላይ ማሠር፤ ከመሄድም በፊት አጸዳዱን ለአንድ ሰው ማሳየት።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየወረዳው የምትሠሩ አባላት የምትጠግኗቸው ኮምፒዩተሮች ያሉባቸውን ክፍሎች የቀትር ሙቀትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት በአንድ ደብተር ላይ ብትመዘግቡ፣ ከዓመት በኋላ ለአገራችን ደጋና ቆላ የሚሆን የራሳችን ሠንጠረዥ ይኖረናል። መለኪያው ርካሽ የክፍል ቴርሞሜትርና አንድ እርሳስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌላ አገር በተለካ ቁጥር ላይ አናርፍም፤ የሕዝብ ገንዘብም ሰኔ ላይ ተቻኩሎ ወጥቶ ሐምሌ ላይ ተሰብሮ አይገኝም።

እኔ ሠንጠረዡን እስካገኝ ድረስ፣ ማንኛውንም ኮምፒዩተር ከማሸጌ በፊት ጭነቱ በየትኛው ጎን እንዳረፈ እመለከታለሁ። ይህን ያስተማሩኝ የከሚሴው የንብረት ክፍል ኀላፊ ናቸው፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።